ሽንሽኗ ቲማቲምና የጋሼ ፖስታ ግራ ትከሻ

ልብስ ሰፊው በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ በስህተት የተቆረጠ ጨርቅና የሚስቱን ዝምታ። ጨርቅ አንዴ መቀስ ከገባበት ማንም አይመልሰውም። ሚስቱ ደግሞ ስትቆጣ ትናገራለች፣ ክዳን ታንኳኳለች፣ የሟች አማቷን ጥፋት ሳይቀር ታነሳለች፤ እሱ ችግር የለውም፣ ያልፋል። ዝም ስትል ነው ጉዱ። ዝም ካለች የስፌት መኪናው ራሱ ድምፁን ቀንሶ የሚሠራ ይመስለዋል።

የቤቱ የፊት ክፍል ሱቅ ነው። መንገዱን የሚያይ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ሥር ክር፣ ቁልፍና ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚቀመጥበት መደርደሪያ፤ መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፤ ጥግ ላይ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንዱ የሚሠራ፣ አንዱ የሚያኮርፍ። ከሱቁ ኋላ መኝታ ቤት፣ ቀጥሎ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ በር ውጭ ደግሞ የሚስቱ መንግሥት ይጀምራል፤ ጓሮው። እዚያ እሱ ተራ ዜጋ ነው። አጠጣ ሲባል ያጠጣል፣ እንጨት ትከል ሲባል ይተክላል፣ እሰር ሲባል ያስራል። የቲማቲም ግንድ በሲባጎ አይታሰርም፣ «አንገቷን ታንቃታለህ» ትላለች፤ ስለዚህ በለስላሳ ጨርቅ ቁራጭ ነው የሚታሰረው። ጓሮውን የጎበኘ ሰው የሰፈሩን ሱሪና ቀሚስ ትርፍራፊ ሁሉ ቲማቲም አንገት ላይ ያገኘዋል። አንዱ ደንበኛ እንዲያውም የሠርጉን ሙሉ ልብስ ጨርቅ እዚያ አይቶ፣ «ለካ እኔና ይቺ ቲማቲም አንድ ላይ ነው የዘነጥነው» ብሏል።

ቲማቲሟም ብትሆን የዋዛ አይደለችም። በቤቱ «ሽንሽኗ» ነው የምትባለው። እንደ ገበያው ቲማቲም ድብልብል ያለች አይደለችም፤ ትልቅ፣ ጠፍጠፍ ያለች፣ አናቷ ዙሪያውን እንደ ቀሚስ ወገብ የተሸነሸነ ነው። አንዷ ሁለት እጅ ትሞላለች። ሲቆርጧት ውስጧ ሥጋ ብቻ ነው። አንድ ቁራጭ ዳቦ ላይ ሲጋደም ዳቦው አይታይም፤ ጨው ነስነስ ማድረግ ነው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል። ሚስቱ ዘሯን ያገኘችው ከእናቷ ነው፣ እናቷም ከእናታቸው፤ ከዚያ በፊት ያለውን የሚያውቅ የለም። ችግሩ፣ ሥጋዋ የበዛ ቲማቲም ዘሯ ያንሳል። ከትልቋ ፍሬ የሚወጣው እንኳ መዳፍ አይሸፍንም። ስለዚህ የቤቱ ሕግ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያዋ ያማረች ፍሬ ለዘር እንጂ ለአፍ አትሆንም። ልብስ ሰፊው በትዳር ዘመኑ ሁሉ ያቺን የመጀመሪያዋን በዓይኑ እንጂ በጥርሱ አያውቃትም።

የዘር አወጣጡም ሥርዓት አለው። ዘሩን ከነልጋጉ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ላይ ትጨምረዋለች፤ እስኪሸትና ላዩ ሻጋታ እስኪያወጣ ትተወዋለች፤ ከዚያ ደጋግማ አጥባ የኮት ገበር ላይ ትበትነዋለች። ገበር፣ ያ ኮት ውስጡን የሚለብሰው ለስላሳ ጨርቅ፣ ዘሩ ሲደርቅ አይዝበትም፤ ለዚህ ነው ከባሏ ቁርጥራጭ እሱን የምትመርጠው። ሲደርቅ ጨርቁን አጣጥፋ ዳር ዳሩን በክር ታያይዘዋለች። በቀይ ክር፣ ከሌላው እንዲለይ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ክፋቱ፣ ለማንም አትሰጥም። እጀ ሰፊ ሴት ናት፣ ፍሬውን በሰሃን ሞልታ ለጎረቤት ትልካለች፤ ግን ቆራርጣ፣ ዘሩን በማንኪያ ለቅማ ካወጣች በኋላ ነው። ዘር ስጪን ሲሏት፣ «ዘንድሮ አንሷል» ትላለች። በየዓመቱ ነው የሚያንሰው።

ከለማኞቹ ሁሉ የማይታክቱት ጋሼ ፖስታ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያንን ከባድ ቦርሳ ሁልጊዜ በግራ በኩል ስለተሸከሙት ግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ልብስ ሰፊው ይህን በመጀመሪያው ልኬት ቀን ነው ያወቀው፤ አንድ ቃል ግን አልተነፈሰም። የማን ሆድ እንደወጣ፣ የማን አንድ እግር እንደሚያጥር እያወቀ ዝም ካላለ ማን ሰው ልኬት ይሰጠዋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም ብሎ የግራውን ትከሻ ከቀኙ ወፈር አድርጎ በቁርጥራጭ ይሞላዋል። ጋሼ ፖስታም መስታወት ፊት ቆመው ግራ ቀኛቸውን ያዩና፣ «እጅህ ይባረክ፤ ያንተን ስፌት ስለብስ ቀጥ እላለሁ» ይሉታል።

«ጨርቁ ጥሩ ስለሆነ ነው ጋሼ» ይላል እሱም፣ ጠመኔውን እየፈለገ።

እንግዲህ ያን ዓመት ዝናቡ ከልክ አለፈና የቲማቲሙ ቅጠል ከሥር ጀምሮ እየጠቆረ ወጣ። ፍሬው ሳይቀላ በሰበሰ። ከጓሮው ሁሉ በደህና የቀላችው አንዲት ሽንሽን ብቻ ነበረች። ሚስቱ የእሷን ዘር አውጥታ፣ አድርቃ፣ በቀይ ክር አያይዛ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። የቀድሞ ዘር አልተረፋትም፣ ያላትን ሁሉ ዘርታው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጎኗን ይዛ ተቀመጠች። የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ፤ እህቷ ወዳለችበት፣ ትልቁ ሆስፒታል ወደሚገኝበት ከተማ ልትሄድ ሆነ። ልብስ ሰፊው አብሬሽ ልሂድ ብሎ ቦርሳውን ሲያነሳ ከለከለችው። የጋሼ ፖስታ ልጅ ሠርግ ደርሶ፣ የአባትየው ሙሉ ልብስ ጠረጴዛው ላይ ተቆራርጦ ተዘርግቶ ነበር።

«የሰው ደስታ እጅህ ላይ ይዘህ የት ትሄዳለህ? ጨርስና ና» አለችው። ስለ ሞትና ሕይወት አንድም ነገር አላነሳችም። መኪና ውስጥ ገብታ በመስኮቱ፣ «ጓሮው እንዳይደርቅ» ብቻ አለች።

የኦፕራሲዮኗ ቀን ልብስ ሰፊው ሰው አልነበረም። ስልኩን መቀሱ አጠገብ አስቀምጦ እጁ ይሰፋል፣ ልቡ ሌላ አገር ነው። የግራው ትከሻ መሙያ አነሰበት። እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደድ ቢያደርግ አንድ የታጠፈ ገበር አገኘ፤ ውፍረቱ ልክክ ያለ፣ ዳሩ ሳይቀር የተያያዘ። «ማን ነው እንዲህ አዘጋጅቶ ያኖረልኝ» ብሎ ነበር ለራሱ። ቀይ ክሩንም አይቶታል። አይቶ፣ «ደግሞ በቀይ ክር» ብሎ ነበር። ሰው ሲደነዝዝ እንዲህ ነው፤ ዓይኑ ያያል፣ የሚሰማው ግን የለም። ትከሻው ውስጥ ከተተው፣ ሰፋው፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ በካውያ ተኮሰው። ካውያውን ሳያነሳ ስልኩ ጮኸ። «በሰላም ወጣች» አለችው የሚስቱ እህት። ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ስለ ገበሩ ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር ትዝ አላለውም።

ሠርጉ አለፈ። እሱም ሄዶ ሚስቱን ጠየቃት። ቁስሏ አመርቅዞ ስለነበር እህቷ ዘንድ ሰነበተች። በዚህ መሀል ዝናቡ አባርቶ መዝሪያው ደረሰ። አንድ ጠዋት ደወለች፤ ድምፅዋ ወደ ድሮው ተመልሶ ቁጣ ቁጣ ይላል። ደስ አለው።

«ስማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ። ጣሳዎቹን አጥበህ አፈር ሙላልኝ። ዘሩን እንዳትነካ፣ እኔው ነኝ የምዘራው።»

«እሺ። የት ነው ያለው?»

«የት ይሆናል፣ መደርደሪያው ላይ ነዋ። ግራጫ ገበር ነው፣ የታጠፈ፣ ዳር ዳሩን በቀይ ክር ያያዝኩት። አየኸው?»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። ያ የተደነቀበት ውፍረት፣ ያ «ደግሞ በቀይ ክር» ያለበት ክር፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«አለ» አለ።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«መርፌ በአፌ ይዤ ነው።»

ስልኩን እንደዘጋ መደርደሪያውን ገለበጠው። ማየት ደግ ነው እንጂ እንደማያገኘው ያውቃል። ዘሩ ያለው ጋሼ ፖስታ ግራ ትከሻ ውስጥ ነው፤ ያውም ካውያ ቀምሶ። ሄዶ ኮቱን መጠየቅ ቀላል ነው። ግን ለምን ግራውን ትፈታለህ ሲሉት ምን ሊል ነው? ዘመን ሙሉ የሸፈነውን ትከሻ በአንድ ቀን ሊያጋልጠው? አልሄድም ቢል ደግሞ የሚስቱ እናት፣ የእናቷም እናት ዘር በእሱ እጅ ሊያልቅ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመው ሰው ትከሻ ላይ ነው። መተርተሪያ መቀሱን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ጋሼ ፖስታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጫማ ሲቀቡ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ ያቺን የሠርግ ኮት ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ።»

«ምን ሆነች?»

«ትከሻዋን ላስተካክል ብዬ ነው።»

«ትከሻዋ ምን ሆነ?» አሉ፣ ብሩሹን አስቀምጠው።

«ሁለቱንም ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «ሁለቱንም ትከሻ ነው የምፈታው።»

ትክ ብለው አዩትና ወደ ውስጥ ገቡ፤ ኮቱን ከነመስቀያው ይዘው ወጡ። ሚስታቸውም ተከትለዋቸው ወጡ። ልብስ ሰፊው ኮቱን ከመቀበሉ በፊት፣ «እትዬ፣ ኮቷን ተኩሰዋታል እንዴ?» አለ።

«ደጋግሜ ነዋ።»

«ትከሻዋንስ?»

«ትከሻ ላይ ካውያ እንዳያሳርፉ፣ ይሟሽሻል ብለኸኝ የለም? አልነካሁትም።»

ግማሽ እስትንፋሱ ተመለሰ። ግማሹ የራሱ ካውያ ጋ ቀረ። ኮቱን ይዞ ሊሄድ ሲል ጋሼ ፖስታ፣ «መቀስህ ኪስህ ውስጥ ይታያል፤ እዚሁ ፍታው» አሉት። እምቢ ማለት አልቻለም። ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ ሰውን ላለማሳፈር ብሎ፣ ምንም የሌለበትን ቀኙን ትከሻ መተርተር ጀመረ።

«ቀኙን ተወው» አሉ ጋሼ ፖስታ።

«ምን አሉ?»

«ቀኙን ተወው አልኩህ። ቦርሳውን የተሸከምኩት በግራ ነው። የገዛ ትከሻዬን የማላውቅ መሰለህ? በየኮቱ የምትጠቀጥቅልኝን አውቃለሁ። ዝም ያልኩት አንተ እንዳታፍር ነው።»

«እኔም እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ ነበር።»

«እንግዲያስ ተፋፍረን ኖረናል» አሉ ሽማግሌው፣ ወንበራቸውንም ቀረብ አደረጉ። «አሁን እውነቱን ንገረኝ። በሠርጉ ላይ ስጨፍር ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ክሽ ክሽ ይል ነበር። አጥንቴ ነው ብዬ ደንግጬ ተቀመጥኩ። ምንድን ነው የከተትክብኝ?»

ነገረኛ ሰው ቢሆን ይዞራል፣ ይጠመዘዛል፤ ልብስ ሰፊው ግን ደክሞት ነበር። ሁሉንም ዘረገፈው፤ ዝናቡን፣ የጠቆረውን ቅጠል፣ ስልኩ አጠገብ የተቀመጠበትን ቀን፣ ቀዩን ክር። ጋሼ ፖስታ ሰምተው ሰምተው፣ «ያቺን 'ዘንድሮ አንሷል' የምትለኝን ዘር?» አሉ።

«እሷን።»

«ለምኜ ያጣሁትን?»

«አዎ ጋሼ።»

ሚስታቸው ሳቃቸው መጥቶ ወደ ቤት ሮጡ። ጋሼ ፖስታም ሳቁ፣ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ የሰው ዕቃ ስሸከም ኖርኩ፤ ጡረታ ወጥቼም አልቀረልኝ» አሉ። ልብስ ሰፊው በዚህ መሀል ግራውን ተርትሮ ግራጫውን ገበር አወጣው። የላይኛው እጥፋት ካውያው የነካው ቦታ ቡኒ ሆኗል። ቀዩ ክር በአንድ በኩል በራሱ መርፌ ተበጣጥሷል። እሽጉን ለጋሼ ፖስታ ሰጣቸው።

«ትንሽ ይውሰዱ» አለ። «ማን ያውቃል፣ ምናልባት አልሞተ ይሆናል። እርስዎ ተሸክመውታል፣ ይገባዎታል።»

ሽማግሌው እሽጉን በመዳፋቸው መዘኑት፣ ቀዩን ክር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ መለሱለት።

«ለእኔ ያልተላከ ነገር ከፍቼ አላውቅም» አሉ።

ልብስ ሰፊው ቤቱ ሲገባ አንድ ብልሃት ታየው። ቀይ ክር ፈልጎ የተበጠሰውን ዳር በእጁ ሰፋው፤ ቡኒው ቦታ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ አጠፈው፤ መደርደሪያው ላይ የነበረበት ቦታ አኖረው። ጣሳዎቹን አጠበ፣ አፈር ሞላ። እንከን የለውም ብሎ እጁን አሻሸ። ሌባ እንኳ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም።

ሚስቱ መጣች። ቀጥናለች፣ ግን በእግሯ ነው የገባችው። እንኳን ለዚህ አበቃሽ ብሎ ሳይጨርስ እሽጉን አንስታ ብርሃን ላይ ያዘችው።

«ማን ነው የሰፋው?»

«ምኑን?»

«ይሄንን። የእኔ ስፌት እንዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም።»

ወይ መዘዝ። ዕድሜ ልኩን የተመሰገነበት እጁ አጋለጠው። አማራጭ አልነበረውም፤ ነገሩን ከሥሩ ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ «ካውያስ?»

«ተኩሼዋለሁ» አለ። «በእርጥብ ጨርቅ።»

ዝም አለች።

ዝም እንዳለች ጓሮ ወጣች፤ እሽጉን ፈታች፤ የየእጥፋቱን ዘር ለየብቻው በየጣሳው ዘራች፣ የላይኛውን ለብቻ፣ የመሀሉን ለብቻ፣ የውስጠኛውን ለብቻ። አጠጣች። ዝም እንዳለች ገባች። ልብስ ሰፊው መኪናውን መርገጥ ፈራ። ሳምንቱ ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ጠዋት ጣሳ፣ ማታ ጣሳ፣ አፈር ብቻ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አላስችል ብሎት፣ «ስደቢኝ እባክሽ፣ ክዳኑንም አንኳኪ» አላት።

«አንተ ላይ መቼ ተቆጣሁ» አለች። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በራሴ ነው። ስንት ሰው ለመነኝ፣ ስንቱን መለስኩ። ለአንድ ሰው እንኳ ሰጥቼ ቢሆን ዛሬ ሄጄ እለምነው ነበር። አሁን ማን ደጅ ሄጄ ልለምን? ለሁሉም ከልክዬ፣ ለሁሉም ከልክዬ፣ ለካ ለራሴም ነው የከለከልኩት።»

ዳቦ ቆርሶ ሰጣት።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊው መስኮቱን ከፍቶ ክር ሲያጠነጥን፣ «ና እስቲ» የሚል ድምፅ ከጓሮ ሰማ። ሮጠ፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወደቀ። ሚስቱ ጣሳዎቹ ፊት ተንበርክካለች። የላይኛው እጥፋት ጣሳ ባዶ ነው። የመሀሉ ላይም ገና ምንም የለም። የውስጠኛው ጣሳ ላይ ግን አፈሩ ተሰንጥቆ፣ አንገቱን የደፋ አንድ ክር የመሰለ ቡቃያ ወጥቷል። አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ የዘሩን ቅርፊት ገና በራሱ ላይ እንደደፋ።

«አሉ» አለች።

«አሉ» አለ እሱም። እፎይ ብሎ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ቡቃያውን ብቻ አልነበረም የሚያየው፤ እሷንም ነበር፣ በእግሯ የቆመች፣ ፊቷ ወደ ቀለሟ የተመለሰ። ያን ቀን ጠረጴዛው ሥር ያላለቀለት ልቅሶ መጣበት፤ እሷ ግን በዚያው ቅጽበት ጋሼ ፖስታ ትከሻቸው ክሽ ክሽ እያለ ሲጨፍሩ ታይቷት በሳቅ ፈነዳች። ጎኗን ደግፋ፣ «የቁስሌን ስፌት ትፈታብኛለህ፣ ተወኝ» እያለች ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ እያለቀሰም ቢሆን። ያን ቀን የሚሠራውም የሚያኮርፈውም መኪና ሥራ ፈትቶ ዋለ።

በዚያ ዓመት ሽንሽኖቹ ጥቂት ነበሩ፣ ግን ያማሩ። የመጀመሪያዋ እንደ ሕጉ ለዘር ሆነች፤ ልብስ ሰፊው አሁንም በዓይኑ ብቻ ሸኛት። ሁለተኛዋም ለዘር ሆነች፣ ይህ አዲስ ነው። ሚስቱ ብርጭቆውን አሸተተች፣ አጠበች፣ አደረቀች፤ ገበር አጥፋ በቀይ ክር አያያዘች፣ ስፌቷም እንደ ወትሮው ጠማማ ነበር። ከዚያ ባሏን አስከትላ ጋሼ ፖስታ ደጃፍ ሄደች።

ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው ነበር፤ ግራ ትከሻው አዲስ ተሞልቷል፣ ማንም ሳያፍርበት። እሽጉን በሁለት እጅዋ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በልማድ ገልብጠው አዩት፤ ፊቱንም ጀርባውንም።

«ለማን ነው የማደርሰው?» አሉ።

«ለእርስዎ ነው» አለች።

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ። ዘንድሮ አላነሰም።»

ጋሼ ፖስታ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እሽጉን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ከዚያ ቀዩን ክር በጥርሳቸው በጥንቃቄ በጠሱትና ከፈቱት።